ልክ ማበጀት መንፈግ አይደለም

(በራዲዮ ከተሰጠ በኋላ ለጋዜጣው አንባብያን የቀረበ ንግግር)

ዛሬ የማወራችሁ ጉዳይ ስሙ ለብዙዎቻችን እንግዳ ቢመስልም ሥራው ግን በየዕለቱ ከእጃችን የማይለይ ነው። ይኸውም አንዱን ሰርቨር ብዙ መሥሪያ ቤቶች፣ ድርጅቶችና ግለሰቦች በጋራ ተከራይተው ድረ ገጻቸውን በሚያኖሩበት ጊዜ፣ የመረጃ መተላለፊያው መሥመር ለእያንዳንዱ በምን ልክ ይከፈል? የሚለው ጥያቄ ነው። የመሥመሩን ስፋት ባለሙያዎች ባንድዊድዝ ይሉታል። ነገሩ የባለሙያ ብቻ ነው ብላችሁ ጆሮአችሁን አትንፈጉኝ፤ የጨረታ ማስታወቂያ የሚያወጣ፣ የሥራ ቅጥር የሚያስታውቅ፣ መመሪያና ቅጽ ለሕዝብ የሚያቀርብ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ዛሬ የዚህ መሥመር ተካፋይ ነውና።

ነገሩን ከራሴ ጥፋት ብጀምር ይሻላል። በ2015 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ በምሠራበት ክፍል በየሳምንቱ የሚሰጡት ንግግሮች በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ እንዲቀመጡና ያመለጠው ሰው ሁሉ በፈቀደው ሰዓት እንዲሰማቸው ታዘዘ። ሥራውም ለእኔ ተሰጠኝ። እኔም የድምፁ ጥራት እንዳይጓደል ስለ ሠጋሁ ከስቱዲዮ የወጣውን ጥሬ ቀረጻ አንዳች ሳልጨምቅ እንዳለ አስቀመጥሁት። የሰሙት ሰዎች «አጠገባችን ሆነህ የምትናገር ይመስላል» ብለው አመሰገኑኝ፤ ደስም አለኝ። ወሩ በገባ በ19ኛው ቀን ግን ድረ ገጹን የከፈተ ሁሉ ያገኘው አንድ መሥመር ጽሑፍ ብቻ ሆነ። ትርጓሜውም «የተፈቀደው የመረጃ መጠን አልፏል» የሚል ሲሆን፣ በልማድ በቁጥር 509 የሚታወቀው መልስ ነበር።

በማግስቱ ደግሞ የአንድ የሥራ ቅጥር ምዝገባ የሚዘጋበት ቀን ነበር፤ የማመልከቻውም ቅጽ የሚገኘው በዚያው ድረ ገጽ ላይ ብቻ ነው። ረፋዱ ላይ አንድ ወጣት ከበሩ ደረሰ። ሌሊቱን በስልኩ ሲሞክር ቅጹ አልከፈትለት ስላለ ማለዳ ከደብረ ብርሃን ተሳፍሮ የመጣ ነው። የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛም እንደ ተለመደው «ቅጹ በድረ ገጻችን ላይ ይገኛል» አለው። ወጣቱ ምንም ሳይመልስ ስልኩን አውጥቶ ያችን አንድ መሥመር ጽሑፍ አሳየን። ቅጹን በወረቀት አትመን ሰጠነው፤ ሞልቶም ተመዘገበ። ዳሩ ግን መሳፈሪያ ያጡት፣ ወይም «ምዝገባው ተዘግቷል ማለት ነው» ብለው ተስፋ የቆረጡት ስንት እንደ ነበሩ የቆጠረ የለም።

በዚያ ቀን ማታ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ሒሳቡን ሠራሁ። በሲዲ ደረጃ በሁለት ቻናል የተቀረጸ ጥሬ ድምፅ በየሰከንዱ ወደ 1,411 ኪሎቢት ይወስዳል፤ ስለዚህ የ15 ደቂቃ ንግግር ወደ 159 ሜጋባይት ይሆናል። የውላችን ልክ በወር 100 ጊጋባይት ነበረ። እንግዲህ አንዱ ንግግር 630 ጊዜ ያህል በወረደ ጊዜ የወሩ ድርሻ ተሟጠጠ ማለት ነው። ይኸው ንግግር በአንድ ቻናል፣ ለሰው ቃል በሚበቃ ልክ፣ በየሰከንዱ በ64 ኪሎቢት ተጨምቆ ቢሆን ኖሮ ግን 7.2 ሜጋባይት ብቻ በሆነ፤ በዚያው ድርሻም ከ13,800 ጊዜ በላይ ሊሰማ በቻለ ነበር። እኔ የራሴን ድምፅ አጠራለሁ ስል የሌላውን ሰው በር ዘጋሁ። የዛሬው ንግግሬም የተነሣው ከዚህ ነው።

አሁን የጋራ ሰርቨር የሚባለው ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ላስረዳ። ሰርቨር ማለት ሌሊትና ቀን ሳይዘጋ የሚሠራ፣ ድረ ገጽን የጠየቀውን ሁሉ የሚያስተናግድ ኮምፒዩተር ነው። እያንዳንዱ ድረ ገጽ የየራሱ ማሽን ይኑረው ቢባል ወጪው ለብዙዎች ከአቅም በላይ ይሆናል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር ወር 1997 የወጣው ኤችቲቲፒ 1.1 የተባለው የድረ ገጽ መነጋገሪያ ደንብ፣ ጠያቂው ማሽን የሚፈልገውን ድረ ገጽ በስሙ እንዲጠራ አስገደደ። ከዚህም የተነሣ በአንድ የቁጥር አድራሻ ሥር ብዙ ስሞች አብረው ሊኖሩ ቻሉ። ይህም አንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ ብዙ ተከራዮች ሲኖሩ ደብዳቤ አምጪው በየስማቸው እየጠራ እንደሚያድል ማለት ነው። የቤቱ ኪራይ ረከሰ፤ ነገር ግን የግቢው በር አንድ ነው። አንዱ ተከራይ ዕቃ የጫነ መኪና በሩ ላይ ካቆመ ሌላው ባዶ እጁን እንኳ መውጣት አይችልም።

በመስኖ የሚያለሙ ገበሬዎቻችን ይህን ጥያቄ ሰርቨር ሳይታሰብ ፈትተውታል። በልዩ ልዩ የአገራችን ክፍሎች አንዱን ወንዝ የሚጋሩ ገበሬዎች ከመካከላቸው የታመነ ሰው መርጠው «የውሃ አባት» ይሉታል። እርሱም ቦዩ ለማን፣ በየትኛው ቀን፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚከፈት ተራ ያወጣል። ማሳው ከቦዩ ራስጌ ያለው ገበሬ፣ ውሃው አስቀድሞ በእኔ ደጅ ያልፋልና ሁሉን ልጥለፈው ቢል የግርጌው ማሳ ይደርቃል። ተራ መውጣቱ የራስጌውን ሰው ለመበደል አይደለም፤ የግርጌውም ሰው ከማኅበሩ እንዳይወጣ ነው እንጂ። የጋራ ሰርቨር ኃላፊም የመሥመሩ የውሃ አባት መሆኑን ከተረዳን የቀረው ነገር ሁሉ አይከብደንም።

የመሥመር ልክ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱን መለየትም እጅግ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የመጠን ልክ ነው፤ ይኸውም በወር ውስጥ በጠቅላላው ይህን ያህል ጊጋባይት ብቻ ይተላለፍልህ ማለት ነው። ሁለተኛው የፍጥነት ልክ ነው፤ ይኸውም በአንዲት ሰከንድ ከዚህ የሚበልጥ አይለፍልህ ማለት ነው። በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ፍጥነት ብዙውን ጊዜ የሚለካው በቢት፣ መጠን ደግሞ በባይት ነው፤ አንዱ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚያሳልፍ መሥመር በሰከንድ የሚያደርሰው 12.5 ሜጋባይት ብቻ ነው። እንዲሁም በሰከንድ 1 ሜጋቢት ብቻ የሆነ ቀጭን መሥመር 30 ቀን ሙሉ ሳያቋርጥ ቢፈስ 324 ጊጋባይት ያደርሳል። ውል የሚፈርም ሰው ይህችን ሒሳብ ቢያውቅ የተሰጠው ነገር ብዙ ይሁን ጥቂት ራሱ ሊመዝነው ይችላል።

የእኛ ውል የነበረው የመጠን ልክ ብቻ ነበር፤ ጉድለቱንም ያየሁት ከደረሰብን በኋላ ነው። የመጠን ልክ እስከ ወሩ አጋማሽ ዝም ይላል፤ ከዚያ በኋላ በድንገት በሩን ይዘጋል። ሲዘጋም የከበደውን ከቀለለው፣ የድምፅ ቅጂውን ከማመልከቻ ቅጹ አይለይም። ከዚህም የከፋው ነገር ጎረቤትን አለመጠበቁ ነው። የመሥመሩ ጠቅላላ ስፋት በሰከንድ 100 ሜጋቢት ነው እንበል። እያንዳንዳቸው በሰከንድ 10 ሜጋቢት መቀበል የሚችሉ አሥር አድማጮች ብቻ ያንን 159 ሜጋባይት ንግግር በአንድ ጊዜ ቢያወርዱ መሥመሩ ከሁለት ደቂቃ በላይ ጥቅጥቅ ብሎ ይሞላል። በዚያን ጊዜ በዚያው ሰርቨር ላይ ያለው ትምህርት ቤት ወይም ክሊኒክ የወሩን ድርሻውን ገና ባይነካ እንኳ ገጹ አይከፈትለትም። የግርጌው ማሳ ዛሬ እየደረቀ፣ የራስጌው ሰው ባመቱ መጨረሻ ስንት ውሃ እንደ ወሰደ መቁጠር ምን ይጠቅማል?

የፍጥነት ልክ ግን ማንንም ሳይመልስ ሁሉን ያሳልፋል። አሠራሩን ለመረዳት ከቧንቧ ሥር የተቀመጠ ባልዲ አስቡ። ቧንቧው ሳይፋጠንና ሳይዘገይ በአንድ ልክ ወደ ባልዲው ያንቆረቁራል፤ ተከራዩም ከባልዲው ይቀዳል። ጥቂት የሚፈልግ ሰው ባልዲው ሞልቶ ስለሚያገኘው ወዲያው ቀድቶ ይሄዳል። ብዙ የሚፈልግ ሰው ግን ባልዲውን ከጨረሰ በኋላ ቧንቧው በሚያንቆረቁረው ልክ እየጠበቀ ይቀዳል። ቀጭኗ ገጽ ልኩ መኖሩን እንኳ አታውቅም፤ ወፍራሙ ፋይል ግን ይዘገያል እንጂ አይከለከልም።

ይህን ልክ የሚያበጁ መሣሪያዎች አዲስ ግኝት አይደሉም፤ በብዙ ሰርቨሮች ላይ በነጻ ይገኛሉ። አፓቺ የተባለው የድረ ገጽ አስተናጋጅ ፕሮግራም አንድ ፋይል በሰከንድ በስንት ኪሎባይት ፍጥነት ይውጣ ብሎ የሚወስን ክፍል አለው፤ ኤንጂንኤክስም እንዲሁ። ነገር ግን ልብ ማለት የሚገባ ነገር አለ። እነዚህ ልኮች የሚቆጠሩት በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ነው። አንድ ሰው ሁለት ጥያቄ ባንድ ጊዜ ቢከፍት እጥፉን ያገኛል፤ አሥር ቢከፍት አሥር እጥፉን። ስለዚህ የፍጥነቱ ልክ ብቻውን አይበቃም፤ አንዱ ጠያቂ በአንድ ጊዜ ስንት ግንኙነት ይክፈት የሚለውም ልክ አብሮ ሊቆም ይገባል።

ከዚህ በታች ደግሞ የሊኑክስ ሥርዓት ራሱ መሥመሩን የሚከፋፍልበት ዘዴ አለ። በዚህ ዘዴ ለእያንዳንዱ ተካፋይ ሁለት ቁጥር ይሰጠዋል፤ አንደኛው ማንም የማይነካበት ድርሻው ሲሆን፣ ሁለተኛው ጎረቤቶቹ ባልተጠቀሙበት ሰዓት ተበድሮ ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው። ይህ ከውሃ አባት ሥራ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል አያችሁን? ተራው የደረሰው ሰው ማሳው ከረጠበ ውሃው በከንቱ እንዳይፈስ ለጎረቤቱ ይለቀቃል፤ ባለ ተራው በፈለገ ጊዜም ይመለስለታል። ብቻ በዚህ ደረጃ አንድ ችግር አለ፤ ብዙ ድረ ገጾች አንዱን የቁጥር አድራሻ ሲጋሩ የመሥመሩ ጠባቂ የሚያየው አድራሻውን እንጂ ስሙን ባለ መሆኑ የማን ውሃ እንደ ሆነ መለየት ያቅተዋል። ስለዚህ ኃላፊው ወይ ለከባዶቹ ተከራዮች የየራሳቸውን አድራሻ ይሰጣል፤ ወይም ልኩን ስም በሚያውቀው በአስተናጋጁ ፕሮግራም ውስጥ ያበጃል።

አንዳንድ ሰዎች «ልክ ከማበጀት መሥመሩን ማስፋት ይሻላል፤ ከዚያ የቻለ ይውሰድ» ይላሉ። መሥመር ማስፋት በሚቻልበት ጊዜ መልካም ነው። ነገር ግን ማንም ራሱን በማይገታበት ስፍራ ጉዳቱ የሚደርሰው በደካማው ብቻ ላይ አለመሆኑን የኢንተርኔት ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥቅምት ወር 1986 በአሜሪካ፣ በሎረንስ በርክሊ ላቦራቶሪና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ መካከል የነበረው ግንኙነት በሰከንድ ከ32,000 ቢት ወደ 40 ቢት ወደቀ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 400 ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። ምክንያቱም መሥመሩ በተጨናነቀ ጊዜ ኮምፒዩተሮቹ መልእክቱ አልደረሰም በማለት ያንኑ ደጋግመው ይልኩ ስለ ነበር መጨናነቁን ራሳቸው ያባብሱት ነበር። ሁሉም እየጮኸ ማንም ማንን አልሰማም። ቫን ጃኮብሰን የተባለው ሊቅ ይህን መርምሮ በ1988 ባወጣው ጽሑፍ ላኪው መጨናነቁን ባወቀ ጊዜ ወዲያው ፍጥነቱን እንዲቀንስ፣ መንገዱ ሲከፈትም ቀስ በቀስ እንዲጨምር የሚያደርገውን ዘዴ አስረዳ። ኢንተርኔት ዛሬ ድረስ የቆመው ራስን በመግታት ሥርዓት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

እንግዲህ ልክ ማበጀት መልካም ከሆነ፣ ክፉ ልክና ደግ ልክ በምን ይለያሉ? በእኔ አስተያየት ደግ ልክ ሦስት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ተከራዩ በቁጥር ተጽፎ ያገኘዋል እንጂ በተዘጋ በር አይማረውም። ሁለተኛ፣ ለሁሉ እኩል ነው፤ ለትልቁ መሥሪያ ቤት የሚላላ፣ ለትንሹ የሚጠብቅ አይደለም። ሦስተኛ፣ ያዘገያል እንጂ አይዘጋም፤ ልኩ ከመድረሱ በፊትም ያስጠነቅቃል። «ገደብ የለሽ» ተብሎ የሚሸጠው የጋራ ሰርቨር አገልግሎት ከዚህ ከመጀመሪያው ጠባይ ይጐድላል። ማሽኑን ከውጭ የሚያገናኘው ገመድ ራሱ ስፋቱ የተወሰነ ስለ ሆነ ገደብ የሌለው ነገር በዚያ ሊኖር አይችልም፤ ገደቡ በማስታወቂያው ላይ ከሌለ በውሉ ውስጥ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ከመፈረማችሁ በፊት ፈልጉት።

ስለዚህ ውል የምታዘጋጁ ወዳጆቼ አቅራቢውን እነዚህን ጠይቁ። የወሩ መጠን ስንት ጊጋባይት ነው? የፍጥነቱ ልክ በሰከንድ ስንት ነው? የሚቆጠረውስ በአንድ ጥያቄ ነው ወይስ በድረ ገጹ በጠቅላላው? ልኩ ሲቃረብ ማን፣ በምን መንገድ ይነገረዋል? ልኩ ካለፈስ ድረ ገጹ ይዘገያል ወይስ ይዘጋል? መልሱ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን።

የቀረው የተከራዩ ግዴታ ነው፤ የውሃ አባት ቢኖርም ቦዩን የሚጠርገው ባለ ማሳው ነውና። በመሥሪያ ቤቶቻችን አንድ የተለመደ ነገር አለ፤ በኮምፒዩተር የተጻፈውን ማስታወቂያ አትመን፣ ፈርመንና ማኅተም አድርገን፣ እንደገና በስካነር ፎቶግራፍ አንሥተን በድረ ገጹ ላይ እንለጥፈዋለን። አንድ የኤ4 ገጽ በ300 ነጥብ በኢንች በቀለም ሲነሣ ጥሬው ወደ 26 ሜጋባይት ይሆናል፤ ቢጨመቅም ከጽሑፉ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የዚያው ገጽ ቃል ግን 2,000 ፊደል ቢሆን፣ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚወስድ፣ ወደ 6 ኪሎባይት ብቻ ነው። ማኅተሙ የሚያስፈልግ ከሆነ ይኑር፤ ነገር ግን ቃሉ ራሱ በጽሑፍ አብሮት ይውጣ። ስልኩ ላይ ጥቂት ብር ብቻ የቀረው አመልካች የሚከፍለው ለእያንዳንዷ ሜጋባይት መሆኑን አንርሳ። እንዲሁም ፎቶግራፎችን ከመለጠፋችን በፊት እናሳንስ፤ ገጾችን ያለ ዕረፍት እየጐበኙ የሚቀዱትን የፍለጋ ሮቦቶች የትኛውን ትተው የትኛውን እንዲያዩ በተገቢው ፋይል እንንገራቸው፤ የማይታዘዙትንም ኃላፊው እንዲገታቸው እንጠይቅ።

በእኛ መሥሪያ ቤት የሆነውን ተናግሬ ልጨርስ። ንግግሮቹን ሁሉ ጨመቅናቸው። አቅራቢውም በጠየቅነው መሠረት የድምፅ ፋይል በሰከንድ ከ100 ኪሎባይት በላይ እንዳይወጣ አደረገ። እንዲህ ያለው ንግግር ሳይቋረጥ ለመሰማት የሚያስፈልገው በሰከንድ 8 ኪሎባይት ብቻ ስለ ሆነ አድማጩ ልክ መኖሩን አላወቀም፤ አሥር ሰዎች ባንድ ጊዜ ቢያወርዱም ከ100 ሜጋቢቱ መሥመር 8ቱን ብቻ ይወስዳሉ። የማመልከቻ ቅጾችና ማስታወቂያዎች ደግሞ ከድምፅና ከሥዕል ተለይተው ለብቻቸው ተቀመጡ፤ የእኔ ንግግር ቢከብድ የሌላውን ሰው ዕድል ይዞት እንዳይወርድ ነው።

ያ ወጣት በሩ ላይ ቆሞ ስልኩን ሲያሳየን አልተቆጣም፤ አልጮኸምም። ይህ ይልቁንም ከብዶኛል። የጋራ የሆነ ነገር ሁሉ እንዲህ ያለ ዝምተኛ ተካፋይ አለው፤ ከግርጌ ሆኖ የሚጠብቅ፣ እኛ የማናየው። ልክ የሚበጀው ስለ እርሱ ነው። እያንዳንዳችን ዛሬ የመሥሪያ ቤታችንን ድረ ገጽ ከፍተን ከሁሉ የከበደው ፋይል የቱ እንደ ሆነ፣ የማን እንደ ሆነም ብንመረምር፣ ምናልባት እንደ እኔ የራሳችን ሆኖ እናገኘው ይሆናል።